ከኪኒኑ ጋር

እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች ዓመት ሊሞላት ነው። በየጠዋቱ ኪኒን ትውጣለች፤ ድካሙ ግን አልለቀቃትም። ተማሪዎቿ ፊት ቆማ እያስተማረች እንኳ ዓይኗ ይከደናል። የኪኒኑ መጠን ሦስት ጊዜ ተጨመረላት፤ ለውጥ የለም።

አዲሷ ሐኪም እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቀቻት። «ኪኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?»

«በአኩሪ አተር ወተት። ሃያ ዓመት ማድ ቤት ገብቶ የማያውቀው ባለቤቴ፣ ከታመምኩ ወዲህ አተሩን ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ አጥልሎና አፍልቶ ከኪኒኑ ጋር አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ድካሙ ከዚያ ነው። አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጡ፤ ወተቱ ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆይ።»

ቤት ስትደርስ ባሏ በር ላይ ሲጠብቃት አገኘችው። የፈላ ወተት ያቃጠለው ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን አሉሽ?» አላት።

ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«እዚህ ያደረሰሽ ወተቱ ነው አሉኝ።»

«አላልኩሽም!» ፊቱ በራ።

«ብቻ ከነገ ጀምሮ ኪኒኑን በውሃ ልዋጥ። ያንተን ወተት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ተረጋግቼ እጠጣዋለሁ።»