አንድ ቤት፣ አንድ ወረቀት

መንትዮቹ አንዲቷን ቢጫ ወረቀት ከግራና ከቀኝ ይዘው ይጓተታሉ። መምህርቷ የኮላውን ዕቃ እንደያዘች በመካከላቸው ጎንበስ ትልና ትገላግላቸዋለች፤ ቤታችሁ አንድ ነው፣ ወረቀታችሁም አንድ ነው፣ አንዳችሁ ኮላ ቀቡ፣ አንዳችሁ ለጥፉ። ስድስት ከሚለው ቁጥር በላይ ይለጥፉና እየተገፈታተሩ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ሰሌዳው ላይ የተሰቀለው ካርቶን ከግርጌው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ቁጥር ተጽፎበታል። ጥያቄው አጭር ነው፤ እቤታችሁ ስንት ሰው አለ? ተራው የደረሰ ልጅ ወረቀቱን ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ ይለጥፋል፤ ወረቀት በወረቀት ላይ ሲነባበር ዓምድ ይሆናል። ኋላ ዓምዶቹን በሁለት በሁለት እየዘለሉ ይቆጥራሉ፣ ረጅሙን ከአጭሩ ይለያሉ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ ትምህርት አብልጦ የሚወደው የለም፤ ኮላ አለበት።

ገና ሲጀምሩ ነገር ያከረረው በክፍሉ “ጠበቃው” የሚባለው ልጅ ነበር። አጎቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እነሱ ቤት ያድራል፤ ታዲያ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ወይስ ግማሽ ሰው ይባላል? ክፍሉ በሳቅ አወካ። መምህርቷም አብራ ሳቀችና፣ የምንቆጥረው ትናንት ማታ እቤት ያደረውን ብቻ ነው፣ የሚመጣውን ሳይሆን ያለውን፣ ብላ ፈረደች። የገዛ ልጇ ነገር ትዝ ያላት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ልጇ የምትማረው እዚሁ፣ እሷ ክፍል ነው። እቤት “እማ” የምትላትን ክፍል ውስጥ “መምህር” ትላታለች። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ እቤት አላደረም። መምህርቷ፣ መንገዱ ርቆበት ነው፣ ጭነት በዝቶበት ነው እያለች ልጇን እስካሁን አድርሳታለች። ራት ላይ ልጅቷ “ዛሬስ ይደርሳል?” ትላለች። እናቲቱ “እንግዲህ መንገድ ነው” ትላታለች። ልጅቷም ደግማ አትጠይቅም። ሰውዬው ሌላ ሴት ጋር ጎጆ መውጣቱን ጎረቤት እንኳ ገና በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ልጅ ደግሞ ምን ያውቃል፤ እናቲቱ በዚህ ስትጽናና ከርማለች።

አሁን ከክፍሉ ያልለጠፈች የመምህርቷ ልጅ ብቻ ናት። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ስትነሳ ጠበቃው እጁን ያወጣል። መምህርም እኮ ቤት አላት፣ እሷም መለጠፍ አለባት ይላል። ሌሎቹ ይነሱበታል፤ የመምህርና የልጇ ቤት አንድ አይደል፣ አንድ ወረቀት ነው የሚገባቸው። ጠበቃው ትንሽ አሰብ አድርጎ ይሸነፋል። “እንደ መንትዮቹ እንዳትጣሉ ብቻ” ይላል።

መምህርቷ ኮላውን ትቀባለች። ቀስ ብላ፣ እስከ ጥጉ ድረስ ትቀባለች። ከሦስት ቁጥር በላይ አራት ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ከሁለት በላይ ካርቶኑ ባዶ ነው። ልጅቷ ወረቀቱን በመዳፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳደረገች ትቆማለች።

“እማ” ትላለች በሹክሹክታ። ይህን ቃል ክፍል ውስጥ አውጥታው አታውቅም። “ሦስት ላይ ልለጥፈው?”

መምህርቷ፣ አንቺስ ስንት ነን ትያለሽ፣ ትላታለች።

“የአባዬ መኪና ከድልድዩ ማዶ ነው የሚያድረው። ሰማያዊ በር ያለው ቤት ጋ። ከአክስቴ ጋር ገበያ ስንሄድ ሁልጊዜ አየዋለሁ።” ልጅቷ ኮላው እንዳይደርቅባት ወረቀቱን አየት ታደርግና በጥድፊያ ትጨምራለች፤ “ግን አንቺ ሦስት ካልሽ፣ ሦስት ላይ እለጥፈዋለሁ።”

ከኋላ ልጆቹ ኮላ የነካ ጣታቸውን ወንበር ላይ እየጠረጉ ያወራሉ። መምህርቷ ራት ራት ላይ ትጠየቅ የነበረውን ታስባለች። ለካ ልጅቷ ሁሉን አውቃ ሳለ፣ እናቷ መልሱን አሰናድታ እንደምትጠብቅ እያየች፣ መልሱ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ስትል በየማታው ጠይቃላታለች።

“ያደረውን ቁጠሪ፣ ልጄ” ትላታለች።

ልጅቷ ባዶው ላይ፣ ከሁለት በላይ ትለጥፈዋለች። አራቱንም ጥግ በቡጢዋ ጫን ጫን ታደርገዋለች።

“መምህር ቤት ሁለት ብቻ ናቸው!” ይላል አንዱ ከኋላ።

“ታድላችሁ” ይላል ከመንትዮቹ አንዱ፣ ከልቡ ቀንቶ። “አልጋው ይሰፋችኋል።”

ልጅቷ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። በኮላ የተጣበቁ ጣቶቿን ለጎረቤቷ ታሳያታለች፤ ጎረቤቷ ላላቅቅልሽ ብላ ስትጎትት የራሷም ይጣበቃሉ፣ ሁለቱም አፋቸውን አፍነው ይንከተከታሉ። እናቷ ይህን ሳቅ ከሰማች ቆይታለች። ረጅሙ ዓምድ የቱ ነው፣ አጭሩስ የቱ ነው ብላ መጠየቅ ነበረባት፤ ግን ጠመኔ አንስታ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ታዞራለች፣ እዚያው ትቆያለች። ልጆቹ ጥያቄ ልትጽፍ መስሏቸው አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፤ ደብተራቸውን ገልጠው፣ እርሳሳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።