ሦስት የአውራ ጣት ምልክት

ለተሥላሴ «አቁሙት!» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። በአዳራሹ ስክሪን ላይ፣ ራሷ በሠራችው ፊልም ውስጥ፣ አንዲት ሴት ያልደረቀ ማሰሮ ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ አንገቱ ሥር በአውራ ጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችው። የሴትዮዋ ፊት በጥላ ተሸፍኗል። አውራ ጣቷ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ያንን ምልክት የማያውቅ የደብረ ታቦር ሴት የለም። ገዢ የማሰሮውን አንገት ዳሰስ አድርጎ ሦስቱን ካላገኘ ሌላ ይፈልጋል፤ «የጉናዋ» የሠራችው አይሰነጠቅማ። የጉናዋ ማን እንደሆነች ግን የሚያውቅ የለም። ሸክላዋን ነጋዴ በአህያ ጭኖ ይወስዳል እንጂ እሷ ገበያ አትወጣም። ለተሥላሴ ፊልሙን ስትቆርጥና ስትቀጥል ስምንት ወር ሙሉ ፊት ስታጨልም፣ ድምፅ ስትቀይር ከርማ ጣቱን ዘነጋችው። ከልጅነቷ ጀምሮ እያየችው ስላደገች ምልክት መሆኑ ራሱ ጠፍቶባት ነው። ሴትዮዋ እናቷ አበበች ናት።

«ፊቴን አታሳዪ» ነበር ያለቻት። «የልጄ ሠርግ ይለፍ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ብትፈልጊ በየአደባባዩ ለጥፊኝ።»

ታናሽ ወንድሟ ምትኩ የአንበሳሜ ልጅ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሽማግሌዎቹ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስም ቆጠሩ እንጂ ማን ምን ይሠራ እንደነበር አልጠየቁም። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ከሚል ቤት ሙሽራ አትወጣም ነበር። የሙሽራዋ እናት እትዬ ጽጌ ደግሞ ይባስ ብለው «የአማቼ እህት የሠራችውን ልይላት» ብለው ከአንበሳሜ ድረስ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተሰይመዋል፤ የሙሽራውን እናት ገና በዓይናቸው አላዩም።

ለተሥላሴ በራሷ ካሜራ፣ ያለ አለቃ፣ አሥር ዓመት ሠርታለች። ከዓረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን፣ በዘራቸው ምክንያት ከማኅበር የተገለሉትን ካሜራ ፊት እያስቀመጠች ሁሌም በአንድ ጥያቄ ትጀምራለች፤ «የማን ልጅ ነሽ?» ሰው እሱን ከተናገረ ሌላውን አይደብቅም ባይ ናት። እሷን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ይጠይቁኝ ብላ አልተሟገተችም።

መብራት እንዲጠፋ ጸለየች። ሥራ በተያዘ ቁጥር ድርግም የሚለው የከተማው መብራት ዛሬ ብልጭ እንኳ ሳይል ቀረ። ፊልሙ አለቀ፣ አዳራሹ አጨበጨበ፣ ማይክ እጇ ላይ ተደረገ። እናቷን ኋላ ረድፍ ላይ ያየቻት ያኔ ነው። አልመጣም ብላ ነበር። ለሠርጉ ያሠፋችውን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሌላ ደህና ልብስ የላትም። ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

እትዬ ጽጌ ተነሡ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ አስለቀስሽን። ያቺን ጣት ግን እናውቃታለን፤ እኔም ቤት ሁለት ማሰሮ አለ» አሉ። ሴቱ ሁሉ «እኔም ቤት! እኔም ቤት!» አለ። «የጉናዋ ናት። እናንተም አገራችሁ ወደዚያው ነው አሉኝ። ትዛመዱ ይሆን እንዴ?»

ፈገግ ብለው ነው የጠየቁት፤ መልሱን ሳይሰሙ ግን የሚቀመጡ አይመስሉም። ለተሥላሴ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አንዛመድም» አለች። «ነጋዴ ነው ያገናኘን።»

«እፎይ!» አሉ እትዬ ጽጌ ደረታቸውን ይዘው። «እኔማ ክው ብዬ ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። ለተሥላሴም አብራ ሳቀች። በዕድሜዋ እንደዚያች ደቂቃ በራሷ አፍራ አታውቅም።

ሰው መውጣት ሲጀምር እትዬ ጽጌ መጥተው ክንዷን ያዙና ስለ ድግሱ ያወሩላት ጀመር። አበበች በግድግዳው ጥግ ሹልክ ልትል ስትል ዓይናቸው ቀሚሷ ላይ ዐረፈ።

«እሜቴ፣ ይቆዩ እስቲ! ይህን ጥልፍ የት አሠሩት? ለልጄ ሠርግ እንዲህ ያለ ፈልጌ ስንት ሱቅ ዞርኩ!»

«እዚሁ ነው» አለች አበበች። ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ጥያቄ ፈርታ ይሁን ወይም ልጇን ልታድን ብላ፣ ወደ ለተሥላሴ ዞረች። አይታት እንደማታውቅ አየቻት።

«ጎበዝ ነሽ። የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት?»

አበበች መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ወደ በሩ አመራች።

«ጨዋ ሰው ያስታውቃል» አሉ እትዬ ጽጌ ከኋላ እያዩአት።

ለተሥላሴ ያኔ ገባት። እትዬ ጽጌ አሁን የእናቷን ፊትም፣ ቀሚሷንም አይተዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህችው ባዳ ሴት የሙሽራው እናት ተብላ ፊታቸው ልትቀመጥ አትችልም። እናቷ ይህን አውቃ ነው የጠየቀቻት። በልጇ ሠርግ ላይ አትገኝም፤ ታመመች ይባላል፣ ቀሚሱም ተጣጥፎ ሳጥን ይገባል።

«እማዬ!»

እጇ ላይ ያለው ማይክ አልጠፋም ነበር። ድምፅዋ አዳራሹን ሞልቶ ደጅ ድረስ ወጣ። የወጡት ተመለሱ፣ እትዬ ጽጌም ክንዷን ለቀቁ። አበበች ደፉ ላይ ቆመች። ከዚያ ዞረችና እጆቿን አንድ በአንድ ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች።