በፍላሽ የመጣው ልብ

እቴነሽ ፋይሉን እንደገና ተጫነችው። ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ብልጭ አለና ያው ነጭ ገጽ ወጣ፤ ኢንተርኔት የለም ይላል። ከጀርባዋ ተማሪዎቿ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ዛሬ የሚመታ ልብ አሳያችኋለሁ ብላቸው ነበር።

ቅዳሜ ነው። አውድማው እጃቸውን በሚፈልግበት ሰሞን ወላጆቻቸውን ለምነው የመጡ ልጆች ናቸው። በዚህ በደባት ብርድ ጋቢያቸውን አውልቀው መስኮቱን ጋርደውበታል፤ የጄኔሬተሩን ቤንዚንም ያዋጡት እነሱው ናቸው። ፕሮጀክተሩን ከወረዳ ለመዋስ ደጅ የጠናችው ደግሞ እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ወርዳ፣ ፒያሳ ካለው የነሰሚያ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ፣ ለመምህራን በነፃ የተለቀቁትን የቪዲዮ ትምህርቶች ስታይ እንባዋ መጥቶ ነበር። ልብ በደም ሲሞላ፣ ሲጨመቅ፣ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ። ለትምህርቱ ማንም ክፈይ አላላትም። አንድ በአንድ እየጎተተች ፍላሿ ላይ ስታስቀምጠው ደግሞ ምንም ያህል ጊዜ አልወሰደም። «ኔቱ ዛሬ ሸጋ ነው፤ እጅሽ ይባረክ» ብላ ሰሚያን መርቃ ወጣች። «እኔ ምን አደረግሁ ቲቸር?» ብላ ሰሚያ ስቃባት ነበር።

አሁን ገባት። ያን ሁሉ መንገድ ይዛው የመጣችው ቪዲዮውን ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበትን አድራሻ ብቻ ነው። ኢንተርኔት በማያውቀው ተራራ ላይ አድራሻ ምን ያደርጋል! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመውም የላትም።

በሩ ተገፋ። ዘበኛው አያ ቢያዝን ናቸው፤ እጃቸው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ምነው እቴነሽ፣ ልቡ አልመጣም?»

«አልመጣም አያ። እኔው ነኝ ያበላሸሁት።»

«እንግዲያ ሞተሩን ላጥፋው። ቤንዚኑ የልጆች ነው፣ ይትረፋቸው።»

«ያጥፉት።»

ጩኸቱ ቆመ፤ ግድግዳውም ጨለመ። ያን ጊዜ የሰባት ቀኑ ድካም ሁሉ አንድ ላይ ትከሻዋ ላይ ወጣባት። ዘንድሮ ዝውውር ጠይቃለች፤ ለልጆቹ አልነገረቻቸውም። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ በዓይናቸው እንዲያዩላት ነበር የፈለገችው።

«ጋቢያችሁን አውርዳችሁ ልበሱ» አለች። «ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆች። ባዶውን ነው ይዤ የመጣሁት።»

ማንም አልሳቀም። ከፊት የተቀመጠችው አበቡ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ጋቢዋን ተከናነበችና፣ «ምን ቸገረን ቲቸር፣ እንደ ወትሮው እርስዎ ይንገሩን» አለች።

እንደ ወትሮው። እቴነሽ ጠመኔ አነሣችና ዓመት በዓመት የምትስለውን ልብ መሳል ጀመረች። ቀይ የለ፣ ሰማያዊ የለ፣ ያው ነጭ። ግማሽ ላይ አቆመች።

«ይሄ አይመታም» አለች ሳትዞር። «የሚመታውን እናንተው ፈልጉት። ሁለት ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ፣ ከመንጋጋችሁ ሥር አድርጉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።»

ኋላዋ ጸጥ አለ። ጸጥታው ሲረዝምባት ዞረች። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ከሩቅ የሚጠራቸው ሰው ያለ ይመስል ያዳምጣሉ። የአበቡ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። በሩ ላይ አያ ቢያዝንም በዚያ ቤንዚን በነካው እጃቸው አንገታቸውን ይዘው ቆመዋል።

እቴነሽ ጠመኔ የለበሱ ጣቶቿን ወደ አንገቷ ወሰደች። መጀመሪያ አጣችው። ጠበቀች። ከዚያ ዝግ ብሎ መጣ፤ ደክሟል፣ ግን ይመታል።