ማን ኋላ ይቅር

ይሄ ታሪክ አንድ ቃል ሳይጨመርበት እውነት ነው። ከዋሸሁ የመኪናዬ ኤሲ በነሐሴ፣ መሀል ፍሪዌይ ላይ ይበላሽ! ቬጋስ በረሃ ለኖረ ሰው ከዚህ የከበደ መሐላ የለም።

"ግዛው፣ ኋላ ያለውን ሰውዬ መስኮቱን ዝጋ በልልኝ፤ አቧራው ገደለኝ" አሉኝ ጋሽ መርሻ፣ ከመኪናዬ የፊት ወንበር ዞር ሳይሉ።

"ሰምቻለሁ" አሉ ጋሽ ባዘዘው ከኋላ። "ኮሮና አለ በለው። የለም የሚል ከሆነ ማስኩን ያጠለቀው ለጌጥ ነው?"

ሁለቱንም "ድምፅ መስጫው ድረስ ብቻዎን ነው የምወስድዎት" ብዬ ነው ከቤት ያወጣኋቸው። ጋሽ ባዘዘው ከፊት ማን እንዳለ ሲያዩ ሊወርዱ ነበር። የመኪናው የኋላ በር የሕፃናት መቆለፊያ ለሽማግሌም እንደሚሠራ ያን ቀን አወቅሁ።

ሃያ ዓመት አንድ ታክሲ የነዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ማታ። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ነበር የሚቀባበሉት። ያጣላቸው አሜሪካ ነው። በኮሮናው ሰኔ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናችን ላይ ተቀምጠን ስናስቀድስ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ጀመሩት። ትምህርት ቤት ይከፈት፣ አይከፈት፤ ቤተ ክርስቲያን ይዘጋ፣ አይዘጋ፤ ኳስ ተጫዋች የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ይንበርከክ፣ አይንበርከክ። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ብዙም አልገባኝም። ግን ሁዳዴን ሙሉ ሲሰግድ ለሚከርም ሕዝብ፣ የሰው ጉልበት መሬት ነካ ብሎ መኮራረፍ ምን ይባላል? ቄሱ "በሰላም ግቡ" ብለው ሲያሰናብቱን እነሱ ክላክስ እየተነፋፉ ወጡ።

ቢኮራረፉም ግድ አልነበረም፤ ችግሩ ሙሽራው ሊውል ነው። ሊውል የጋሽ መርሻ ልጅ ነው፣ እሑድ ያገባል። ክርስትና ያነሱት ደግሞ ጋሽ ባዘዘው ናቸው፤ "ሰርጉን አልረግጥም" ብለዋል። ልጁ ደወለና በዚያች በተሰባበረች አማርኛው "ጋሼ ግዛው፣ ፕሊስ ፊክስ አድርገው። አባባ ባዘዘው ካልመጣ እኔ ማግባት አልፈልግም" አለኝ።

የምርጫ ወረቀቱ ለሁለቱም በፖስታ መጥቶላቸዋል። ግን ጋሽ መርሻ "ድምፄን ለፖስተኛ አደራ አልሰጥም" ይላሉ፤ ጋሽ ባዘዘው ደግሞ ደረት ላይ የምትለጠፈዋን "መርጫለሁ" የምትል ስቲከር ይፈልጋሉ። አንዱ ለቀዩ ፓርቲ፣ አንዱ ለሰማያዊው። እኔ የራሴን ሞልቼ በፖስታ ከላክሁ ሳምንት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ውሃ ይዤላቸው አጠገባቸው ቆምኩ።

ሰልፉ ሮድስ ራንች አጠገብ ያለውን የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ዞሮታል። ርቀት እንዲጠበቅ መሬት ላይ እግር ተሥሏል፤ ጋሽ መርሻ አንዱ ላይ፣ ጋሽ ባዘዘው ከኋላቸው ሌላው ላይ። ሳይነጋገሩ እየተጎተቱ የድንኳኑ በር ደረሱ። ፀጉሯ የነጣ አስተናባሪ እጇን አውለበለበች። "ቀጣይ!"

ጋሽ መርሻ አንድ እግር አንሥተው ቆሙ። ከኋላቸው ታላቃቸው ቆመዋል። ጠብ ሌላ፣ ሥርዓት ሌላ።

"ይቅደሙ" አሉ። ድሮ አንተ ነበር የሚባባሉት፤ አንቱታው የኩርፊያ ነው።

"ተራው የእርስዎ ነው።"

"ታላቄን ጥዬ አልገባም።"

"እኔም ሰው ቀድሜ አልገባም።"

"ኧረ ይግቡ!"

"ኧረ አይሆንም!"

ጋሽ መርሻ የጋሽ ባዘዘውን ክንድ ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትታሉ፤ ጋሽ ባዘዘው የጋሽ መርሻን ጀርባ ይገፋሉ። ርቀት መጠበቁ ተረሳ። ከኋላ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ግዙፍ ሰውዬ አንገቱን አሰገገ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ሰማያዊ ማስክ ያጠለቀች ሴት ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች።

አስተናባሪዋ ወደ እኔ መጣች። "እየተጣሉ ነው?"

"አዎ።"

"ማን ቀድሞ ይግባ ብለው?"

"የለም፣ ማን ኋላ ይቅር ብለው።"

"ሊውል ይሙት፣ ካንተ በፊት አልገባም!" ብለው ጮኹ ጋሽ መርሻ።

"ካንተ" ማለቱም አምልጧቸዋል፣ የሊውል ስምም አምልጧቸዋል።

"አፍህን ያዝ!" አሉ ጋሽ ባዘዘው። "በሙሽራ ይማላል? እኔ ክርስትና ባነሳሁት ልጅ!"

"እንግዲህ ምያለሁ። ወይ ግባ፣ ወይ ልጁን ግደለው።"

ጋሽ ባዘዘው ገቡ። ምን ያድርጉ?

ጋሽ መርሻ ተከትለዋቸው እንደገቡ፣ ቀይ ኮፍያው ወደ ሴትዮዋ ዞረና በእጁ መንገዱን አሳያት። እሷም ሳቀችና በእጇ መልሳ አሳየችው። እመኑኝ! አስተናባሪዋ ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየች።

መኪናው ጋ ስንደርስ እንደገና ተጀመረ። "ከፊት ተቀመጥ።" "አንተ ተቀመጥ።" በመጨረሻ ሁለቱም ከኋላ ገቡ፣ የፊት ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ለማን እንደ መረጡ አልተጠያየቁም። ጋሽ ባዘዘው ማንም ሳይለምናቸው መስኮቱን ግማሽ ድረስ ዘጉት።

"እሑድ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"በአራት።"

"በሐበሻ ነው በፈረንጅ?"

"በሐበሻ። አንተ ግን በሦስት ድረስ።"

እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። የጋሽ መርሻ መሐላም ቀይ ኮፍያውም እውነት ናቸው። በፖስታ ልኬያለሁ ያልኩት ነው ውሸቱ። "የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይፈይዳል" ብዬ ወረቀቱን የት እንደ ጣልኩት እንኳ አላውቅም ነበር። ስለ ኤሲው አትጨነቁ፤ ነሐሴ ገና ሩቅ ነው። እንዲያውም ያኔ ኤሲውን ለሽማግሌዎቹ ከፈትኩላቸውና ወርጄ የሰልፉ ጭራ ላይ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ከዘራዋን እየተመረኮዘች ከኋላዬ መጣች። የቆምኩበትን የተሣለ እግር ለቀቅሁላት።

"ይቅደሙ" አልኳት፣ በአማርኛ።