ሰማንያኛው ስም

ቲሆሚር ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሁለት ጣቱ ወደ እትዬ ፐርሲዳ ይገፋዋል። እሳቸው ብዕሩን አያዩትም። የሚያዩት ጫማችን ወለላቸው ላይ የተወውን ጭቃ ነው።

"ይኼን ሁሉ ተሸክማችሁ መጣችሁብኝ?"

"ዋናው ውጭ ቀርቷል፣ እትዬ። የመጣነውም ለእሱ ነው" ይላል ቲሆሚር።

ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገዳችን አስፋልት የገንዘቡን ግማሽ ይሰጣል። ግማሹን እኛ አራት ዓመት ከደመወዛችንና ከጡረታችን ሁለት ሁለት ከመቶ እያስቆረጥን እንሞላለን። መዋጮው የሚጸድቀው ግን በሰፈሩ መዝገብ ካሉት ስሞች ከግማሽ የሚበልጡት ሲፈርሙ ነው፤ ዝም ያለ ሰው እንደተቃወመ ይቆጠራል። መዝገቡ ላይ ሰማንያ ስም አለ። አርባው ፈርሟል፤ ከሁሉ ቀድመው የፈረሙት እትዬ ፐርሲዳ ናቸው። የቀሩት ወይ ቪየና ገብተው ድምፃቸው ጠፍቷል፣ ወይ እምቢ ብለዋል። የሙታኑን ስም ዘመዶቻቸው ባለፈው ወር አሰርዘዋል። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡ ይዘጋል፤ ካልሞላ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

አንድ ስም ብቻ ቢወጣ አርባው ከግማሽ ይበልጣል። ያ ስም የእትዬ ፐርሲዳ ባለቤት፣ የጀልባ አሻጋሪው የጋሽ ኒቺፎር ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በጉም ውስጥ የቲሳን ወንዝ ሊሻገሩ ወጡ። ጀልባቸው ተገኘ፤ እሳቸው አልተገኙም። ስማቸው እንዲሰረዝ ሚስታቸው 'ሞቷል' የሚለውን ወረቀት ከሁለት ምስክሮች ጋር መፈረም አለባቸው። በቤተ ክርስቲያናችን የሕያዋን ጧፍ ከላይ፣ የሙታን ጧፍ ከታች አሸዋው ላይ ይተከላል። እትዬ ፐርሲዳ የባላቸውን እሁድ እሁድ ከላይ ሲተክሉ አያለሁ። ቄሱም አንድ ቀን ምንም ብለው አያውቁም።

"እንግዲህ ለአስፋልት ብለሽ ባልሽን ግደይ ነው የምትሉኝ።"

"ኧረ በስመ አብ!" እላለሁ።

ቲሆሚር ጎንበስ ይላል። "ካልሆነም መዋጮው ላይ ስለ እሳቸው እርስዎ ይፈርሙላቸው። ማን ያያል?"

እኔ ምስክር ልሆን ነው የመጣሁት። ግን ልቆጣው አልችልም። ሚስቱ ሩዛ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ትሄዳለች። ዝናብ ከጣለ አምቡላንሱ ከድልድዩ ወዲህ አይገባም፤ እስከዚያ አዝሎ የሚያደርሳት እሱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሁለቱም ወደቁ።

እትዬ ፐርሲዳ ይስቃሉ። "ለኒቺፎር ሰው ሊፈርምለት? በሠርጋችን ቀን ቄሱ እጁን ይዘው ሊያስፈርሙት ቢሉ፣ 'አባ፣ እርስዎ የሚስትዎን እጅ ይያዙ' ያለ ሰው ነው እኮ!"

ሳቁ ቶሎ ያልቃል። ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ መንገዱን እየሞላው ነው። ጭቃው አይታይም። ማዶ ያሉት ቤቶች ውሃ ላይ የቆሙ ይመስላሉ፤ የቲሆሚር ቤትማ ቀስ ብሎ ወደ ታች የሚሄድ ይመስለኛል።

"አስፋልት ከሆነ፣" ይላሉ እትዬ ፐርሲዳ፣ ለእኛ ሳይሆን ለመስኮቱ፣ "ቢመጣ በምን ያውቀዋል? እሱ መንገዱን በእግሩ ነበር የሚያውቀው። እኛ በር ጋ ሲደርስ ጭቃው ጠለቅ ይላል።"

ጉሙ መስታወቱን ተደግፎ የሚያዳምጠን ይመስላል።

ቲሆሚር ባርኔጣውን ያነሳል፤ ብዕሩንም። "ይተዉት፣ እትዬ። ሩዛም 'እሳቸውን እንዳታስጨንቅ' ብላኛለች። አዝላታለሁ፤ ምን አለበት።"

"አልከበደችህም?"

"ኧረ አልከበደችኝም።" ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል። "በየሳምንቱ እየቀለለችኝ ነው።"

እትዬ ፐርሲዳ ፊቱን ለረጅም ጊዜ ያዩታል። ከዚያ ብዕሩን ከእጁ ይወስዳሉ።

"ሲሜዎን፣ ስሙን አንብብልኝ። ጮክ በል።"

"ኒቺፎር፣ የስቴቫን ልጅ። ጀልባ አሻጋሪ።"

ሦስታችንም ጆሯችንን ወደ ውጭ እንሰጣለን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም እጠብቃለሁ።

ይፈርማሉ። እጃቸው አይቸኩልም። እኔና ቲሆሚር ከሥር እንፈርማለን። እሱ ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ከትቶ ይወጣል። ጭቃው ጫማውን ሲይዝና ሲለቅ ይሰማናል፤ ቀጥሎ እሱም አይሰማም።

እኔ ቆሜ ቀርቻለሁ። እትዬ ፐርሲዳ ከቁም ሣጥኑ አንድ ከረጢት ያወጣሉ። ስንዴ ነው። ለሙት የሚቀቀል ስንዴ በዋዜማው ይዘፈዘፋል። እፍኝ ሙሉ ሸክላ ሳህን ውስጥ ይጨምሩና ውሃ ያፈሱበታል።

ጥቂት ፍሬዎች ይንሳፈፋሉ። በጣታቸው ጫፍ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው እንደሚነኩ ሁሉ፣ በቀስታ ጫን ያደርጓቸዋል። አንድ በአንድ ይሰጥማሉ።