ጋሼ እሺ እምቢ ያለ ቀን

ሰውየው እምቢ ማለት አይችልም ነበር፤ በቃ፣ ምላሱ ላይ አልተሠራለትም። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ እሺ» የሚለውም ለዚህ ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ ልጆቼ፣ ኧረ እንዲያውም። ግን ሥራው ዘበኝነት ነበር፤ ጉዱ እሱ ላይ ነው። እሺ የሚል ዘበኛ ምን ይባላል?

መጨረሻ ከሠራበት መጋዘን የተባረረው ምድጃ ተሸክሞ ለሚወጣ ሌባ በር ከፍቶ ነው። መክፈቱ ብቻ በሆነ፤ «ይከብድሃል» ብሎ አንዱን ጫፍ ያዘለት። መኪና ላይ አግዞ ጫነለት፣ እጁን እያውለበለበም ሸኘው።

ከዚያ ወዲያ ቤት ቁጭ። አንድ ቀን ሚስቱ ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠችና፣

«ስማኝ፣ ይሄንን አዲሱን ሥራ ካላገኘህ ቤቱን እንለቃለን። የምንገባው እህትህ ጋ ነው» አለችው።

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ አንተ ሰውዬ።»

እህቱ ደግ ሴት ናት፤ ችግሯ ወሬዋ ነው። ተኝታም ታወራለች። ቤቷ ደግሞ አንዲት ክፍል።

ሥራው የፍራሽ ፋብሪካ ዘበኝነት ነው። የቅጥር ኃላፊው ሰው እንዴት እንደሚመረጥ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ትምህርቱ ገና አልበረደለትም። ደወለለት።

«ጋሼ፣ ዘበኛ በወረቀት አይፈተንም። ሥራው ላይ አቁሜ ነው የማየው። ነገ ማለዳ ከሰፈርዎ ቀጥ ብለው ሲመጡ፣ ማደያው ጋ ሲደርሱ በቀኝዎ ትልቅ የብረት በር አለ። እዚያ ይቁሙ። ሰዎች እልክብዎታለሁ። ይዋሹዎታል፣ ያለቅሱብዎታል፣ ይቆጡዎታል። ሰማያዊ ካርድ ያላሳየ እንዳይገባ። ባለቤቱ ነኝ ቢልም።»

«እሺ።»

«ስልክዎን ያጥፉ። ምሳ ሰዓት ላይ ራሴ እመጣለሁ።»

«እሺ።»

«ጋሼ፣ ነገ እሺ የለም።»

«እ…» አለና ዋጠው።

እንዳይረፍድበት ብሎ እህቱ ጋ አደረ፤ የእሷ ቤት ማደያውን አለፍ ብሎ ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ይቀርበዋል። እሷ ታዲያ ስለ ጎረቤቷ የወለቀ ጥርስ ስታወራለት አነጋች። ጎህ ሲቀድ ጫማውን በእጁ ይዞ ሾልኮ ወጣ፣ ማሰሪያውን መንገድ ላይ አሰረ። ሰማይ ቢደፋ ዛሬ በር አልከፍትም ብሎ የማለውም ያን ጊዜ ነው።

ማደያው ጋ ሲደርስ በቀኙ ያለውን በር ገርበብ ብሎ አገኘው። ሰው የለም። ባዶ በርጩማ፣ የተንጠለጠለ ቁልፍ። «አዘጋጅተውልኛል» አለ። ከላይ የተጻፈውን ዝገት በልቶታል። ገባና ከውስጥ ቆለፈ፣ በበሩ ትንሽ መስኮት ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ግቢው ሳሙና ሳሙና ይላል። ፍራሹን አጥበው ነው መሰል የሚሸጡት፤ ንጹሕ ሰዎች ናቸው፣ አለ በልቡ።

መጀመሪያ ቱታ የለበሰ ጎረምሳ መጣ።

«ክፈት።»

«ሰማያዊ ካርድ።»

«የምን ካርድ? አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የላከህን ጠይቀው።»

ጎረምሳው በአጥሩ ሞከረ፤ ጋሼ እሺ በበርጩማው እግር ጣቶቹን ነካ ነካ አድርጎ መለሰው። ሴቶች በቡድን በቡድን መጡ። ከዚያ አንድ አውቶቡስ ቆሞ የጫነውን ሁሉ በሩ ላይ አራገፈ። ለአንድ ዘበኛ አውቶቡስ ሙሉ ሰው። ይሄ ልጅ ቀልድ አያውቅም፣ አለ ጋሼ እሺ እየተገረመ።

አንዲት ሴት መስኮቱ ሥር መጥታ ማልቀስ ጀመረች።

«አባቴ፣ ካረፈድኩ አለቃዬ ያባርረኛል። ልጆች አሉኝ።»

እንባው የእውነት እንባ ነው፣ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ጋሼ እሺ እጁ ሳያዘው ወደ መቀርቀሪያው ሄደ፣ እሺታውም ከንፈሩ ጋ ደረሰ። ያኔ የእህቱ ጎረቤት ጥርስ ትዝ አለው። እጁን ሰበሰበ።

«እህቴ፣ እንዲህ አሳምራ የምታለቅስ አይቼ አላውቅም። ክፍያ ጨምሩልኝ በያቸው።»

ሴትየዋ እንባዋን ጠረገችና በሩን በእርግጫ አለችው።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ቀጭን ሰው ብቅ ይላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ወዲህ ወዲያ ያማትራል፣ ይገባል። ምስኪን፣ አለ ጋሼ እሺ፤ ቀጥሮ የሚቀር ሰው አይጣል ነው።

ረፋዱ ላይ ጥቁር መኪና መጣ። ክራባት ያሰረ ወፍራም ሰው ወረደ።

«ክፈት፤ የፋብሪካው ባለቤት ነኝ።»

«ይመጣሉ ተብዬ ነበር» አለ ጋሼ እሺ፣ ሳቁን አፍኖ። «ጌታዬ፣ ከሁሉም እርስዎ ይበልጣሉ። ሆድዎ ራሱ የባለቤት ሆድ ነው።»

ሰውየው ቀላ፣ ጠቆረ። ክላክሱን አንባረቀ። ለመነ፣ ተሳደበ፣ መልሶ ለመነ። ሲደክመው ክራባቱን ፈትቶ ከሰዎቹ መሃል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ሴት ብስኩት አካፈለችው፤ ተቀብሏት በላ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ መጣ። ድምፁ ረግቷል።

«ስማ። የቀድሞው ዘበኛዬ ትናንት ማታ ዕቃዬን ጭኖ እንደጠፋ ማደያው ጋ ያሉት አሁን ነገሩኝ። ከሱ በፊት የነበረው ዘበኛ ደግሞ ሌባ ሲመጣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያሳልፍ ነበር። እኔን ራሴን ውጭ ያስቀመጠ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። ሥራው ያንተ ነው።»

ጋሼ እሺ ሚስቱ ታየችው፣ ቤቱ ታየው።

«አለፍኩ ማለት ነው?»

«አልፈሃል አልኩህ እኮ። አሁንስ ትከፍታለህ?»

«እሺ» አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ውስጥ ታስሮ የዋለ እሺ። መቀርቀሪያውን ሊስብ እጁን ሰደደና ቆም አለ። «ግን ጌታዬ፣ የፍራሽ ፋብሪካው ቅጥር ኃላፊ ምነው ቀረ? ምሳ ሰዓት እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

«የፍራሽ ፋብሪካው?» አለ ባለቤቱ። «እሱማ ከመንገዱ ማዶ ነው።»