ጥይት ያላጎረሰው ጠመንጃ

ነብሩ የቢሻውን ሚስት ወንድም አንሙትን ከአጥሩ ሥር ጥሎ ትከሻውን በጥርሱ ይዞታል። ቢሻው የአባቱን አሮጌ የአደን ጠመንጃ እጀታ ወደፊት ገፍቶ መለሰው፤ ጥይት አላጎረሰም። ደገመው፤ አሁንም ባዶ ነው።

«ኧረ ጨረሰው! ተኩስ እንጂ!» ብላ ሚስቱ ጮኸች።

«አላጎርስ አለኝ፣ ምን ላድርግ!»

የጥይት መያዣውን ቱቦ ክዳን ፈታ። ጥይት የሚገፋው ሞላ ንቅንቅ አልል አለ። ሚስቱ ጠመንጃውን ነጥቃው ከቱቦው አፍ የተጠቀጠቀ የነጠላ ቁራጭ መዝዛ አወጣች።

«ማነው ይህን የወተፈው?» አለ ቢሻው።

«እኔ ነኝ» አለች እያለቀሰች። «‹አንሙት ድንበሬን ገፍቷል፣ እገድለዋለሁ› ስትል ሰምቼ።»

ቢሻው ጠመንጃውን ተቀበላት። ክዳኑን መልሶ አጠበቀ፤ እጀታውን ሲስብ ጥይቱ ገባ። አነጣጥሮ ተኮሰ።

ነብሩ ከአንሙት ላይ ተገለበጠ።